ድንኳን ያልተተከለበት ፊልም

አዋሽ፣ ጥር 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮማነወርቅ፣ ሰመራ የመንገድ ጥገና ካምፕ።

ያለሽበት በረሃ ይለዝብልሽ። የምትጠጪው ውሃ ለጤና፣ የምትተኚው እንቅልፍ ለዕረፍት ይሁንልሽ። መድኃኔ ዓለም ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተል። እኔ አባትሽ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።

ከሐምሌ ወዲህ አልጻፍሽልኝም። የሐምሌዋም አራት መስመር ናት። «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ስለ እኔ አያስቡ» ትልና አራተኛው ስምሽ ነው። ድሮ አንተ ነበር የምትይኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልሽ። አልደረሰሽም ብዬ እንዳልጽናና ናስር በእጅሽ እንደሰጠሽ ነግሮኛል። ሹፌር ደብዳቤ ሲያደርስ እንደ ፖስታ ቤት አይደለም፤ የተቀባዩን ፊትም አይቶ ይመለሳል። ፊትሽ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው የመኪናውን ጎማ በብረት መምታት ጀመረ።

ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ ነገር አልጽፍም። ስለ ፊልም ልጻፍልሽ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ የምድር ባቡር ሠራተኞች ክበብ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። የቃና ዘገሊላ ለት ከድሩ፣ ያ የክበባችንን የፊልም ማሽን የሚያንቀሳቅሰው የወሎ ሰው፣ ትኬት የምቆርጥበት መስኮት ድረስ መጣ። «ጋሼ ሀብቴ፣ ስድስቱም ባንድ ላይ መጥተውልናል፤ እርስዎ ከሌሉ ፈረንሳይኛውን ማን ያነብልናል?» አለኝ። ስድስቱን ታውቂያቸዋለሽ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፊልም ሲመጡ አንቺን ይዘን ያየናቸው ናቸው። በመዳፉ እሳት የሚይዘው፣ ግድግዳ ሰንጥቃ የምታልፈው ሴት፣ ተራራ የሚያነሳው ወፍራሙ፣ ነፋስ የሚቀድመው ጎረምሳ፣ ከሩቅ የሚሰማው ዕውር ሽማግሌ፣ እና አለቃቸው ባለ ብረት ጭምብሉ። አሁን ስድስቱን ሰብስበው አንድ ፊልም ሠርተውባቸዋል። ሄድኩ።

ልጄ፣ ከንቱ ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ጣቢያ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስድስት ባቡር ባንድ ሰዓት ወደ አንድ ጣቢያ ብታስገቢ ደስታው ስድስት እጥፍ አይሆንም። አንዱ እስኪያልፍ አምስቱ ቆመው ሲያፏጩ ይውላሉ። ይህም ፊልም እንደዚያው ነው። እሳት የሚይዘው ሰው በራሱ ፊልም እጁ ስለሚያቃጥል ልጁን ማቀፍ አቅቶት ሲያለቅስ ትዝ ይልሻል? እናትሽ ሳምንት ሙሉ ስታነሳው ነበር። እዚህ ሦስት ቃል ተናግሮ ቦታውን ለወፍራሙ ይለቃል። ልጅ እንዳለውም ረስተውታል። ግድግዳ የምታልፈው ሴት በር ተቆልፎባት ቁልፍ እስኪመጣ ቆማ ስትጠብቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወፍራሙ ሎኮሞቲቭ በአንድ እጁ አንስቶ ሲወረውር የዲፖ ሠራተኞች «እባክህ በዚሁ እኛ ጋ እለፍና ከሐዲድ የወጣብንን ፉርጎ አንሳልን» እያሉ ጮሁ። ጠላታቸው ከሰማይ ይመጣል። ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደበደለው የሚነግረን የለም። ይመጣል፣ ያፈርሳል፣ ይሞታል።

ከተማው ሙሉ ይወድማል። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፤ እነዚህ ኃያላን ሕንፃ ጫፍ ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ። ያን ሁሉ ሲያፈርሱ አንድ ድንኳን አልተተከለም። አንድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ አልተቀመጠም። እኔ መቼም የተማርኩት ትንሽ ነው፣ ስለ ፊልም አሠራር አላውቅም። ግን ሞትን ያህል ነገር ከቆጠሩ በኋላ ለቅሶውን የሚዘሉ ሰዎች ኃያል ሊባሉ አይገባም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሳቁም ቀረብኝ። ግድግዳ የምታልፈው ሴት ድንጋይ ተንዶባት ወድቃለች። አለቃው አጠገቧ ይንበረከካል። «ደረሱ ወይ?» ትለዋለች፤ ጓደኞቿን ነው። አለቃው ግን አልጠራቸውም። ይደነግጣሉ ብሎ ከመጀመሪያው አልጠራቸውም። «ወንዙን ተሻግረዋል» ይላታል። ትንሽ ቆይታ ትደግመዋለች፤ «ኮረብታው ላይ ናቸው» ይላታል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው «እዚሁ ቅርብ ናቸው» አላት። እሷም ዓይኗን ወደ መንገዱ አዙራ በዚያው ቀረች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። በኋላ ጓደኞቿ ሲመጡ «በሰላም አረፈች» ይላቸዋል፤ እነሱም አመስግነውት ወደ ውጊያቸው ይሄዳሉ።

ይህን የጻፈው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሟቿን ዋሽቷታል። ያልተጠሩትን ደግሞ መሰናበቻቸውን ነጥቋቸዋል። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ይቅር በሉኝ አላለም። ጭምብሉን እንኳ አላወለቀም። ሕዝቡም አጨበጨበለት። እኔ ግን ያን ሰው ይቅር ልለው አልቻልኩም። እስከ ቤቴ ድረስ ሳማው ሄድኩ።

የእናትሽ ሙት ዓመት ሚያዝያ 23 ነው። ዘንድሮ ሆሳዕና ላይ ስለሚውል አባ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22፣ ይሁን ብለውኛል። ጾም ነው፤ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም። ቀኑን እንድታውቂው ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ልብሽን ያለዝብልኝ፣ የኔንም ያንጻልኝ።

አባትሽ ሀብተ ሥላሴ


ሰመራ፣ የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሀብተ ሥላሴ፣ አዋሽ።

ጤናዎ የተጠበቀ፣ ጉልበትዎም የበረታ ይሁን። በታይፕ የምጽፈው ብዕሬ በሙቀት ቀለሙን ስለሚተፋ ነው፤ ከወረቀቱ አናት ያለውን መፈክር እንዳላዩ ሆነው ይለፉት።

ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ያልመለስኩበትን ምክንያት ያውቁታል፤ ቢሆንም አንዴ ጽፌው ይውጣልኝ።

እማማ ያረፈችው ሚያዝያ 23 ቀን 1974 ነው። እርስዎ ግንቦት 10 ጻፉልኝ፤ «እናትሽ ሰላም ትልሻለች፣ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው ትላለች» ይላል። ሰኔ 8 ደግሞ ጻፉልኝ፤ «የላክሽላትን ሰሌን ወዳዋለች፣ ተኝታበታለች፣ መርቃሻለች» ይላል። ሰሌኑን አንዲት የአፋር እናት ለእኔ ብላ ነው የሠራችው። ለማን ነው ስትለኝ ለእናቴ ብያት ጠርዙን በቀይ አስጊጣዋለች። ምርቃቱን ሄጄ ነገርኳት። ሁለታችንም ደስ አለን።

ሰኔ 19 ቀን ኡምሰልማ ሻይ ቤት ገባሁ። ኡምሰልማ ከካምፑ በር ፊት ለፊት ሻይና ምግብ የምትሸጥ፣ እዚህ ያለችኝ እህቴ ናት። ናስር ተቀምጦ ነበር። ብድግ ብሎ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ እህቴ» አለኝ። በምን አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና ኡምሰልማን አየ። በቀብሯ ቀን በአዋሽ ሲያልፍ አይቷችኋል፤ የማውቅ መስሎታል። ምስኪን፣ እስካሁን ዓይኔን ማየት ይፈራል። ደብዳቤዎን የሚያመላልሰውም ለዚያ ይመስለኛል።

በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለ ፊልሙ የጻፉትን ለኡምሰልማ አነበብኩላት። ቁልፍ ስለምትጠብቀው ሴት ሳነብ ከሳቄ ብዛት እንጀራዬ ቀዘቀዘ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ለስድስት ሰው አንድ ገጽ ሰጥተው፣ ለዚያች ለምትሞተውና ለአለቃዋ ብቻ ሌላ ገጽ ሞልተዋል። ፊልሙ ሁሉም መጥፎ ከሆነ ያ ብቻ ለምን እንዲህ አስቆጣዎት?

ስለ ሙት ዓመቱ ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ልጅዎ ሮማነወርቅ


አዋሽ፣ መጋቢት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮማነወርቅ።

ጾሙን በሰላም ያስጀምረን፣ በሰላምም ያስፈጽመን። ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ አይምታሽ። ካረፍኩበት ጥላ ሁሉ አንቺንም ተካፋይ ያድርግሽ።

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት። ስለ ቀዩ ጠርዝ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ሰሌኑ አልጋው ላይ ነው። እኔ መሬት ነው የምተኛው።

ምክንያቴን ልንገርሽ፣ ምክንያት ከሆነ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ይህን አያቶችሽም እኔም የምናውቀው ነው። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። አንቺ ያለሽበት ዘመድ የለም። ግሬደርና ሬንጅ ነው ያለው። ማን ይይዛታል አልኩ። ስለዚህ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሁለት ጊዜ ስንቄን ቋጥሬ መኪኖቹ የሚቆሙበት ድረስ ወጣሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ሹፌሩ በር ከፈተልኝ፤ ግባ አባቴ አለኝ። እግሬ አልነሳ አለ። ነገ አልኩት። እስክሄድ ድረስ ደግሞ እንዳትጠረጥሪ ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ አንድ መስመር ነበር ያሰብኩት፤ ስጽፍ ግን እሷ የምትለው ነገር ራሱ መጣልኝ። እየጻፍኩ ሳለ አጠገቤ ያለች መሰለኝ። ይህን ያልኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ለራሴም እያጣራሁ ነው።

ክበብ ስንሄድ ትዝ ይልሻል? እናትሽ መሠረተ ትምህርት ጀምራ ዓይኗ እምቢ ብሏት አቋረጠች፤ ፈረንሳይኛውማ የማይታሰብ ነው። ከግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ በጆሮዋ አነብላት ነበር። የኔም ፈረንሳይኛ የትኬትና የሻንጣ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሲያመልጠኝ ከራሴ እጨምርላት ነበር። አንዳንድ ቀን ግማሹ የኔ ነው። ቤት ስንገባ ታሪኩን መልሳ ስትነግረኝ ፊልሙ ላይ ከነበረው ያምር ነበር። በጥር ያን ፊልም ሳይ ቀኝ ትከሻዬ በረደኝ። እሷ ትደገፍበት የነበረው ነው። ሦስት ጊዜ ልነግራት ዞርኩ። እንግዲህ መጥፎው ፊልሙ ነው ወይስ የሚነገረው ሰው ያጣው አፌ፣ ይህንም አላወቅሁትም።

ለምን አስቆጣህ ላልሽው፣ ያ አለቃ ስላናደደኝ ነው። ከዚህ ያለፈ አላውቅም።

ከድሩን የባህል ክፍሉ ከነማሽኑ በአሰብ መንገድ ወዳሉ ካምፖች ሊልከው ነው። ያን ፊልም ይዞላችሁ ይመጣል። አይተሽ ፍረጂ። ፈቃድ ብትጠይቂ ደግሞ፣ ብቻ ብትጠይቂ።

አባትሽ ሀብተ ሥላሴ


ሰመራ፣ መጋቢት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባባ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጾሙ እንዳይጎዳህ። እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ የምጠይቅህን ነገር በእርስዎ ልጠይቀው አልቻልኩም።

ከድሩ ማክሰኞ መጣ። የግሬደር ጋራዡን ግድግዳ በኖራ አስቀብቶ ፊልሙን እዚያ ላይ አሳየን። የካምፑ ሰው፣ ለማደር የቆሙ ሹፌሮች፣ ግመሎቻቸውን ወዲያ አስተኝተው የመጡ አፋሮች፣ ሁሉም ነበር። ናስርን እኔና ኡምሰልማ ከጎናችን አስቀመጥነው፤ ጅቡቲ ያደገ ስለሆነ ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ነው።

የፈረድከው ልክ ነው። ብዙ ጮኸ እንጂ ምንም አላለም። አንድ የአፋር ሽማግሌ ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ አይቶ ኡምሰልማን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ቋንቋውን ትችላለች። «የነዚህ ሰዎች ጎሳ ማን ነው? ለሞተው ሁሉ ካሳ የሚከፍለው ማን ነው?» ነው ያላት። አላውቅም አለችው። «እንግዲያው ገና አላለቀም» ብሎ ፊልሙ ካበቃ በኋላም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አንተን አስታወሰኝ። አንድ ነገር ብቻ አልስማማህም፤ ዕውሩ ሽማግሌ ጥሩ ነበር። ሌሎቹ ሲጨቃጨቁ እሱ ከሩቅ የሕፃን ለቅሶ ሰምቶ ዝም በሉ ዝም በሉ ይላቸዋል፤ የሚሰማው የለም። ያችን ብቻ ወደድኳት።

አባባ፣ ኡምሰልማ ግን ስትጠብቅ የነበረው ያችን የምትሞተዋን ሴት ነው። ደብዳቤህን ስላነበብኩላት «አሁን ናት? አሁን ናት?» እያለች እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ሴትየዋ ድንጋይ ተንዶባት ወደቀች። አለቃው እዚያ የለም። ማንም የለም። ብቻዋን ሞተች፤ አንድ ቃል ሳትናገር። በኋላ መጥተው አነሷት። ናስር ከግርጌ ጽሑፍም የለም አለ። ከድሩን ጠየቅሁት፤ የተቆረጠ ነገር የለበትም፣ አዋሽም ያሳየሁት ይኸው ራሱ ነው አለኝ።

«ደረሱ ወይ» የሚል የለም። «ወንዙን ተሻግረዋል» የሚል የለም።

እማማ ከራስህ እንደምትጨምር ታውቅ ነበር። አልነገረችህም እንጂ ለእኔ ነግራኛለች። «ሀብቴ ፊልሙን ይጠግነዋል» ትል ነበር። ይኼኛው ግን ጥገና አይደለም። እኔ ሦስት ቀን አሰብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከባዶ አያመጣውም።

ደረሰች ወይ ብሎ የጠየቀህ ማን ነው?

መልሱን ሳላውቅ አልመጣም። አውቄም ላልመጣ እችላለሁ። ግን ንገረኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እማማ ምን አለች? ያለችውን ብቻ ጻፍልኝ፣ ያማረውን አይደለም።

ሮማን


አዋሽ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ሮማን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ምርቃት አላበዛም። መጀመሪያ የምናገረው አለኝ።

ከድሩ ሲመለስ ለምኜው በቀትር የክበቡን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዶ ያን ክፍል ብቻ አሳየኝ። ጾም መሆኑን ረስቼ አይደለም። አባ ዘንድ ንስሐ ልገባ ስለሆነ የምናዘዘውን በትክክል ማወቅ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ አየሁት። የለም። አንቺን ላታልል ብዬ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። በጥር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፣ ከግርጌም አንብቤዋለሁ ብዬ በመስቀል እምል ነበር። ከድሩ ማሽኑን አጥፍቶ «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለኝ። ሰው ራሱን የሚያየው እንዲህ ነው ለካ።

የጠየቀችኝ እናትሽ ናት።

ሐሙስ ሚያዝያ 21 ተኛች። ወባ ነው፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሦስት ቀን ይዟት ይለቃታል ብለን ኪኒኑን ሰጠናት። ማታ ግን «ሮማንን ጥራልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ጣቢያ ሄድኩ። ቴሌግራሙ ከኔ መስኮት አሥር እርምጃ ነው፤ ከዚያ በመንገድ ሥራው ራዲዮ ሌሊቱን ይደርስሽ ነበር። «እናትሽ ታማለች ቶሎ ነይ» ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ቆምኩ። ቴሌግራም ሲመጣ ሰው ሁሉ መርዶ ነው የሚለው። ገና ሥራ ከጀመርሽ ስድስት ወርሽ ነው፤ ወረቀቱን አይተሽ እዚያ ሜዳ ላይ ስትወድቂ ታየኝ። እሑድ ይሻላታል፣ ያኔ ራሷ ትስቅብኛለች አልኩ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቤት ስገባ «ላክህ?» አለችኝ። ልኬያለሁ አልኳት።

ዓርብ ጠዋት «መጣች ወይ?» አለች። «ከሰመራ ተነስታለች፣ በናስር መኪና ነው» አልኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ያን ፊት ካየሁ በኋላ መመለሻ አጣሁ። በምሳ ሰዓት ደግማ ጠየቀችኝ። «ሚሌ ደርሳለች» አልኩ። «ምን በላች?» አለችኝ። «ሩዝ» አልኳት። «በሥጋ ነው? በዓለ ሃምሳ አይደል፣ ዓርብም ቢሆን ትብላ» አለች። በሥጋ ነው አልኳት። ነፋስ አለ ወይ፣ ራሷን ሸፍናለች ወይ፣ ሹፌሩ አይፈጥንም ወይ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም መለስኩላት። ክበብ እንደምንሆነው ጆሮዋ ሥር ሆኜ ነው። ሌሊት ስትነቃ ገዋኔ አሳደርኩሽ። ልጄ፣ ያን መንገድ ካንቺ ጋር ድንጋይ በድንጋይ ነው የመጣሁት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዳነች ብዬ ነበር። «የት ደረሰች?» አለች። «ገዋኔን አልፋለች፣ ለምሳ እዚህ ናት» አልኳት። «ውሃ አስቀምጥላት። መንገዱ አቧራ ነው» አለችኝ። ውሃውን ልሞላ ወጣሁ። ስመለስ አልነበረችም። ያለችው ይህ ነው። አላሳመርኩትም። ብጨምርበት ኖሮ እንደምወድሽ ንገራት ባስባልኳት ነበር። አላለችም። ውሃ አስቀምጥላት ነው ያለችው።

ቀኑ የሠራተኞች ቀን ነበር። በቀይ ጨርቅ ያጌጠውን መንገድ ሰልፉ ይዞት ስለነበረ አስከሬኗን በሐዲዱ በኩል ዞረን ወሰድን። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መንገዱን ሳይ ነበር። ማንም አይመጣም፤ አልጠራሁም። እያወቅሁ ሳይ ነበር።

ቴሌግራም ብልክ ዓርብ ማታ ትደርሺ ነበር። ይህን ሰዓቱን ቆጥሬ አውቀዋለሁ። እሷን አላታለልኳትም፣ ደስ አሰኘኋት ብዬ ራሴን ብዙ ቀን ተከራክሬዋለሁ። ደስ ብሏት መሄዷ እውነት ነው። አንቺን ግን የእናትሽን የመጨረሻ ሌሊት ሰርቄሻለሁ፤ እንዳይታወቅብኝም በግንቦትና በሰኔ በስሟ ጻፍኩልሽ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ያልኩሽ እውነት ነው፤ ግን የተደበቅኩት ከኋላው ነው። መኪናው በር ተከፍቶልኝ እግሬ እምቢ ያለው፣ መቼ ታመመች ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ ብጽፍ ወረቀቱ ቀላል ይሆንብኛል። ቅዳሜ ሚያዝያ 22 ጸሎቱ በማለዳ ነው። ብትመጪም ባትመጪም ለአባ የምናዘዘው ይህንኑ ነው። ባትመጪ አልፈርድብሽም፤ ብቻ ሳላይሽ እንዳልሞት እለምነዋለሁ።

ሀብተ ሥላሴ


ሚሌ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤህን ካገኘሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። አምስቱን ቀን ጠልቼህ ዋልኩ። ኡምሰልማ ምግብ እያመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። በስድስተኛው ቀን አነበብኩላት። ጨርሼ ስመለከታት እያለቀሰች ነው፤ ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም። «እናትሽ ብቻዋን አልሞተችም» ብቻ አለችኝ። ስለዚያች ስለ ፊልሟ ሴት እያሰበች ነው መሰለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም። ገና አላውቀውም። ያችን ሌሊት መልሰህ አትሰጠኝም። የነበርኩበትን መንገድ ግን ነገርከኝ፤ እኔ ሳላውቅ እማማ ዓርብ ቀኑን ሙሉ እያየችኝ እንደዋለች ነገርከኝ። ይህንንም ልጥለው አልቻልኩም።

ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ለምን ጉዳይ ነው ቢለኝ «እናቴ ጠርታኛለች» አልኩት። ቀኑን ቆጥሮ ግራ ገባውና ፈረመልኝ።

ከናስር ጋር ነኝ። ሁለት ጎማ ፈንድቶበት እዚህ ሚሌ ተቀምጠናል፤ ጎማው ከደሴ እስኪመጣ ነገ ይሆናል፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ። ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ለሚያልፍ ላንድሮቨር ሰጥቼልሃለሁ፤ ከኔ ቀድሞ ይደርስሃል። መንገድ ላይ ወጥተህ ፀሐይ እንዳትመታህ። እኔ መምጣቴ አይቀርም።

እስክደርስ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ወረቀቱ እንደደረሰህ መቃብሯ ሄድ በልና ጠጋ ብለህ ንገራት። ሚሌ ደርሳለች በላት። በናስር መኪና ነው በላት። ራሷን ሸፍናለች በላት። አሁን ሁሉም እውነት ነው። ምን በላች ካለችህ ደግሞ፣ ሩዝ፤ የጾም ነው በላት።

ሮማን